የፈረሰ ከተማ የጦርነት ፎቶ እጃችሁ ሲገባ፦ መጀመሪያ የአንሺውን እግር ፈልጉ

ጎንደር ፒያሳ ትንሽዬ ፎቶ ቤት አለችኝ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ላሚኔት፣ የሰርግ አልበም፣ ያረጀ ፎቶ ማጉላት ምናምን። የሆነ ጊዜ አንድ ደንበኛ ከአያቱ ሳጥን የወጣች መዳፍ የምታክል ፎቶ ይዞ መጣና "ጣሊያን ሲወጣ ጎንደር እንዲህ ሆና ነበር፣ ትልቅ አርገህ ስራልኝ" አለኝ። አየኋት፣ ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎች፣ የድንጋይ ክምር፣ በመሀል የተጠረገ መንገድ። ለሱ ሰርቼለት ሳበቃ ለራሴም አንድ ኤ3 አትሜ ከስሩ "ጎንደር፣ 1934 ዓ.ም." ብዬ ጽፌ በፍሬም በሩ አጠገብ ሰቀልኳት። ሦስት ወር ሙሉ ገቢ ወጪው ከንፈሩን እየመጠጠ ያያታል።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ከገበያ ሲመለሱ ጉርድ ሊነሱ የገቡ ሽማግሌ፣ እኔ የኮታቸውን ኮሌታ እያስተካከልኩ እሳቸው አይናቸው ፍሬሙ ላይ ቀረ።

"ይቺ የት ናት?"

"ጎንደር ናት አባባ፣ ጣሊያን የወጣ ጊዜ።"

ተነስተው ቀረብ አሉና በከዘራቸው ጫፍ የታችኛውን ጥግ ነካ አደረጉ። "ልጄ፣ ጎንደር ባቡር ነበራት እንዴ? አባቴ ያን ጊዜ እዚሁ ነበሩ፣ ስለ ባቡር ያሉት ነገር የለም።"

ጠጋ ብዬ ባይ መንገዱ ላይ ሁለት ቀጭን መስመር አለ፣ ሐዲድ ነው፣ ከላዩ ደሞ ሽቦ ተዘርግቷል። ትራም! አጉሊ መነፅር አምጥቼ ሳይ በግራ በኩል ግማሹ የተገነጠለ ታፔላ ላይ በላቲን ፊደል "አፖቴ" ይላል፣ ቀሪው ወድቋል። አፖቴከ በጀርመንኛ መድኃኒት ቤት ማለት ነው። በቃ፣ ሦስት ወር ሙሉ የጀርመኖችን ከተማ ጎንደር ብዬ ሰቅዬ ሰው ሳስለቅስ ኖሬያለሁ።

ከዛ ወዲህ እንዲህ አይነት ፎቶ ሲመጣልኝ ቶሎ አላምንም፣ የተማርኳትን ደግሞ ለቱር ጋይድ ልጆቻችን፣ ለታሪክ ተማሪዎችና ቴሌግራም ላይ ያገኙትን ሁሉ ሼር ለሚያደርጉ ወዳጆቼ ልጻፍላቸው ብዬ ነው። መለማመጃ የምናደርገው የአውሮፓን ከተሞችና መንደሮች ነው፣ ምክንያቱም በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሲፈርሱ ብዙ ፎቶ ተነስቶላቸዋል፣ የብዙዎቹ አንሺ ይታወቃል፣ ቀኑ ይታወቃል፣ ቦታው ዛሬም ሄደህ የምታየው ነው፣ ስለዚ መልሱ ያለው ፈተና እንደመስራት ነው። እነሱ ላይ አይናችሁን ካሰለጠናችሁ በኋላ ወደ ግቢያችን፣ ወደ ፋሲል ግንብ፣ እንመጣለን። እና አንድ ነገር፣ ከዚህ በታች የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ዓ.ም. ያልኩበት ብቻ የኛ ነው። ይሄ ራሱ ስንት ጣጣ እንዳለው ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ጀርባውን

ፎቶው ወረቀት ከሆነ ፊቱን ከማየታችሁ በፊት ገልብጡት። እኔ የዛን ቀን ጀርባዋን ባይ ኖሮ ትንሽ የእርሳስ ጽሁፍ ነበረባት፣ ሳላይ ነው ስካነር ላይ የደፋኋት። ጀርባ ላይ ማህተም፣ የስቱዲዮ ስም፣ የሳንሱር ምልክት፣ ቁጥር ይገኛል። በእርጥብ ጣት እንዳትጠርጉት፣ ቀለሙ ይነሳል። ስካነር ካለ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ፣ ከሌለ ደሞ ጥላ ባለበት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ስልኩን ቀጥ አርጋችሁ ከላይ አንሱት፣ ፍላሽ አጥፉ፣ ፍላሽ የወረቀቱን አብረቅራቂ ገጽ ነጭ አርጎ የምትፈልጉትን ነገር ይበላባችኋል። ጀርባውንም አንሱ።

ኢንተርኔት ላይ ካገኛችሁት ጀርባው ማለት የመዝገብ ቁጥሩ ነው። የጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት ፎቶ "ቢልድ" የሚል ቃልና ቁጥር አለው፣ በ2008 መጨረሻ ላይ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ፎቶ ዊኪሚዲያ ላይ ለቀዋል፣ በነፃ ታገኙታላችሁ። ለንደን ያለው ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም የአንደኛውን ጦርነት ፎቶዎች በ"ኪው" ፊደል ነው የሚቆጥራቸው። አሜሪካኖቹ ደሞ የጦር ሠራዊታቸውን የመገናኛ ክፍል (ሲግናል ኮር) ፎቶ በ111 ይጀምሩታል። ቁጥር ያለው ፎቶ ተጠያቂ አለው፣ ቁጥር የሌለው ግን "ልብ ይሰብራል፣ ሼር" የሚል ብቻ ከሆነ ገና ስራ አለባችሁ።

አንሺው የት ቆሟል?

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሰው የፍርስራሽ ፎቶ ሲያይ አይኑ የሚሄደው ፍርስራሹ ላይ ነው፣ እናንተ ግን መጀመሪያ ካሜራውን የያዘውን ሰው እግር ፈልጉ። መሬት ላይ ነው? ጣሪያ ላይ ነው? አውሮፕላን ውስጥ ነው? እዛ ለመቆም ማን ፈቀደለት? እግሩን ካገኛችሁት ግማሹ መልስ ወጣ ማለት ነው።

ድሬስደንን እንውሰድ። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፣ ከፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንዲት የድንጋይ ሴት ጎንበስ ብላ እጇን ወደታች ዘርግታለች፣ ከስሯ ከተማው እስከ አድማስ ድረስ ባዶ ግድግዳ ብቻ ነው። ሪቻርድ ፒተር የሚባል የዛው ከተማ ጋዜጠኛ ነው ያነሳው። ፎቶውን ዙም አርጉና የቤቶቹን ውስጥ እዩ፣ ከላይ ወደታች ቁልቁል ውስጣቸው ይታያል አይደል፣ እንደ ማር እንጀራ ክፍል ክፍል ብቻ ቀርተዋል። ስለዚ ሰውየው በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ሴትየዋ ደግሞ አጠገቡ ናት፣ አንድ ህንፃ ላይ አብረው ናቸው ማለት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ማማ ነው። እንግዲህ እግሩን ካገኘን በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ይመጣል፣ ከተማው እየነደደ ሰው እዛ ማማ ላይ ወጥቶ ተረጋግቶ ፎቶ ያነሳል? አያነሳም። ጭስ የለም፣ መንገዶቹ ተጠርገዋል። ድብደባው የተጀመረው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ማታ ነው፣ ፎቶው ግን የተነሳው በዛው ዓመት ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ ነው። ቢያንስ ሰባት ወር! ሰውየው የድሮ ፎቶዎቹ በሙሉ በድብደባው ተቃጥለውበት ከምርኮ የተመለሰው በሴፕቴምበር ነበር። እና "ድሬስደን በተደበደበች ማግስት" የሚል ካፕሽን ስታዩ ዝም ብላችሁ ማለፍ ነው። ሴትየዋንም መልአክ ይሏታል፣ ክንፏን ፈልጉ እስኪ፣ የለም፣ የደግነት ምሳሌ ተብላ የተቀረፀች ሐውልት ናት።

ለንደን ላይ ደሞ ተቃራኒው ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ከጭስ መሀል ብቻውን ብቅ ያለበት ፎቶ፣ ኸርበርት ሜሰን የሚባል የዴይሊ ሜይል ፎቶ አንሺ ዲሴምበር 29 ቀን 1940 ለሊት ከጋዜጣው ህንፃ ጣሪያ ላይ ሆኖ ነው ያነሳው፣ ጭሱ እስኪገለጥ ጠብቆ። ይሄኛው እውነትም በዛችው ሰዓት የተነሳ ነው። ግን እዩልኝ፣ ለህትመት ሲዘጋጅ ተቆርጧል፣ በእጅም ተነካክቷል፣ እንግሊዞቹ ዲሴምበር 31 ላይ "አልወደቅንም" በሚል መንፈስ አወጡት፣ ከሳምንታት በኋላ ደሞ በርሊን ላይ የሚታተም መጽሔት ያንኑ ፎቶ የፊት ገጹ ላይ አድርጎ ለንደን እየነደደች ነው አለበት። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ፎቶ፣ ሁለት ወሬ።

ሦስተኛው ቦታ ሰማይ ነው። ቤልጅየም ውስጥ ፓሸንዴል የምትባል መንደር በ1917 እዛ ከተደረገው ውጊያ በፊትና በኋላ ከአውሮፕላን የተነሳች ሁለት ፎቶ አላት። የመጀመሪያው ላይ ቤተክርስቲያን፣ መንገድ፣ የእርሻ ድንበር ይታያል። ሁለተኛው ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ብቻ፣ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ። እንዲህ አይነቱን ስታገኙ ማስታወስ ያለባችሁ ከአውሮፕላን ያነሳው ሰው ለመድፈኛ መረጃ እየሰበሰበ እንደነበር ነው፣ ልባችን እንዲነካ ብሎ አይደለም። ለዛ ነው ቀጥ ብሎ ከላይ የሚታየው።

ትንሽ ነገር ግን ደስ የሚለኝ፣ የካሜራው አይነትም ቁመት ይናገራል። ሮሌፍሌክስ የሚባለው ካሜራ አራት ማዕዘን እኩል ፎቶ ነው የሚሰጠው፣ በአንድ ጥቅል 12 ፎቶ፣ እና ሆድ ላይ ተይዞ ከላይ ወደታች እየታየ ነው የሚነሳበት። ሊ ሚለር የምትባል አሜሪካዊት የጦርነት ፎቶ አንሺ ኦገስት 1944 ፈረንሳይ ሳንማሎ ስትደበደብ በሱ ነበር ያነሳችው። ስለዚ አድማሱ ከሰው አይን ዝቅ ብሎ ደረት አካባቢ ሲሆን አንሺው ወድቆ ነው፣ ተደብቆ ነው አትበሉ፣ ካሜራው ነው። ላይካ የሚባለው ካሜራ ደሞ አይን ላይ ተደርጎ ነው የሚነሳበት፣ 36 ፎቶ ያነሳል፣ በሱ ያነሳ ሰው እየሮጠም ማንሳት ይችላል።

ማን ነው ያፈረሰው? እሳት ወይስ መድፍ?

ይሄን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ፣ ፍርስራሽ ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ከተማና መንደር የሚያፈርሰው በብዛት መድፍ ነው፣ ወራት ወይ ዓመታት ሙሉ ከጎን እየመታ ነው የሚያኝከው፣ ስለዚ ግድግዳው ራሱ የተበላ ጥርስ ይመስላል፣ ዛፎቹ ቅርንጫፍ የሌላቸው ጉቶ ይሆናሉ፣ መሬቱ ጭቃ ነው። ኢፕር የምትባለው የቤልጅየም ከተማ የጨርቅ ነጋዴዎች አዳራሿን እዩት፣ ኖቬምበር 1914 ተቃጠለ፣ ከዛ እስከ 1918 መድፍ ሲበላው ከርሞ ግንድ ብቻ ቀረ፣ ተመልሶ ተሰርቶ ያለቀው በ1967 ነው። ፈረንሳይ ቬርደን አጠገብ ያለችው ፍሎሪ የምትባል መንደር ደግሞ በ1916ቱ ውጊያ 16 ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተገለባብጣ አንድ ግድግዳ እንኳን አልተረፋትም። የፍሎሪን ፎቶ ብታዩ መንደር ነበረ ብላችሁ አታምኑም፣ አፈር ነው። ዛሬም ነዋሪ የላትም፣ ግን ከንቲባ ይሾምላታል።

ሁለተኛው ጦርነት ላይ ብዙውን ጊዜ ከአውሮፕላን የሚወርድ ተቀጣጣይ ቦምብ ነው። እሱ ጣሪያ በስቶ ገብቶ እንጨት የሆነውን ሁሉ ይበላል፣ ጣሪያው፣ ወለሉ፣ ደረጃው ይሄዳል፣ የጡብ ግድግዳው ግን ይቆማል። ስለዚ አራት ፎቅ ቁመት ያለው ግድግዳ ቆሞ በመስኮቱ ሰማይ ካያችሁ እሳት ነው የገባበት ብላችሁ ጀምሩ። የኔዋ ፎቶም እንደዛ ነበረች፣ ድሮ ባውቅ ኖሮ ከትራሙ በፊት እሷ ራሷ ትነግረኝ ነበር፣ ጎንደር የትኛው ሰፈር ነው ባለ አራት ፎቅ የጡብ ቤት በመስመር የነበረው?

መቼ ነው?

ጭስ፣ ጥርጊያ፣ ዝገት፣ ቅጠል፣ ጥላ። እነዚህን አምስቱን እዩ። ጭስ ካለ የዛው ቀን ወይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። የተጠራረገ ጡብ ተደርድሮ ካያችሁ ወራት አልፈዋል፣ ጀርመን ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ ሴቶች በሰልፍ ቆመው ጡብ እየተቀባበሉ ሲሚንቶውን እያራገፉ ይደረድሩ ነበር፣ የ1945 መጨረሻና የ1946 ፎቶ በሱ ይታወቃል።

ዝገት ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኦራዱር ሱር ግላን የምትባል የፈረንሳይ መንደር ጁን 10 ቀን 1944 የናዚ ኤስኤስ ወታደሮች ከ640 በላይ ሰው ገድለው አቃጠሏት፣ ፈረንሳዮቹም እንዳለች ትቀመጥ ብለው አዲሷን ከጎን ሰሩ። እስከዛሬ ድረስ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ አለ፣ የልብስ ስፌት መኪና አለ። ቱሪስት ሄዶ በስልኩ ያነሳውን ጥቁርና ነጭ አርጎ "1944" ብሎ ቢለጥፍ ማን ያውቅበታል? መኪናው ግን ዝጎ ዝጎ ወንፊት ሆኗል፣ ሳር በቅሎበታል። በአንድ ሳምንት እንደዛ አይዝግም።

ሌላው ደሞ ህንፃ በፎቶ ሲመታ አይታችሁ "ወደመ" ብላችሁ እንዳትጽፉ። ዋርሶ ላይ ኦገስት 28 ቀን 1944 ከተማዋ በጀርመኖች ላይ ባመፀችበት ጊዜ ሲልቬስተር ብራውን የሚባል ሰው የከተማዋ ረጅሙ ህንፃ፣ ፕሩደንሻል የሚባለው፣ ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝን የጀርመን ሞርታር ጥይት ሲመታው አንስቷል፣ ፎቶው ላይ ህንፃው በአቧራና በእሳት ሊፈነዳ የደረሰ ነው የሚመስለው። ህንፃው ግን አልወደቀም፣ ብረት አጽሙ ተርፎ ታድሶ ዛሬም ቆሞ ሆቴል ሆኗል።

ጥላ ላይ ለጎንደር ሰው ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኛ ጋ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ጥላችን እግራችን ስር ነው፣ ስለዚ ረጅም ጥላ ካየን "ጠዋት ነው" እንላለን። አውሮፓ ግን እንደዛ አይሰራም፣ ድሬስደን ዲሴምበር ላይ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ 15 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምትነሳው፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ ረጅም ነው። አንድ የሚረዳ ነገር ግን አለ፣ እዛ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሁሌም በደቡብ ስለሆነች ጥላው ሰሜን ያሳያል፣ ካርታ ላይ መንገዱን ካገኛችሁ ሰዓቱን መገመት ይቻላል። እኛ ጋ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጥላው ይገለበጣል፣ ይሄን ለራሳችን ፎቶ ያዙት።

ቀለም ካለው ውሸት ነው?

አይደለም። ሬምስ የምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ካቴድራሏ ሴፕቴምበር 1914 ተመትቶ ተቃጠለ፣ በ1917 ደሞ የፈረንሳይ ጦር ፎቶ አንሺዎች ፍርስራሹን በቀለም አንስተውታል፣ በ1917! ኦቶክሮም ይባላል፣ ከ1907 ጀምሮ ይሸጥ ነበር፣ መስታወት ላይ ቀለም የተነከረ የድንች ስታርች ዱቄት ተነስንሶ የሚሰራ ነው። እውነት ድንች። ብርሃን ለመጠጣት ሰከንዶች ስለሚፈልግ የሚሮጥ ወታደር አይኖርበትም፣ ያለው ሰው ሁሉ ለፎቶ ቆሞ ነው። ዋርሶም በ1939 ስትከበብ ጁሊየን ብራያን የሚባል አሜሪካዊ በኮዳክሮም የቀለም ፎቶ አንስቷል። ኮምፒውተር ቀለም የቀባው ግን ቶሎ ይለያል፣ ቆዳው ሁሉ አንድ አይነት ብርቱካን፣ ሳሩ አንድ አይነት አረንጓዴ፣ ጡቡ ደሞ ግራ ገብቶት ግማሹ ግራጫ ነው።

ማነካካትን በተመለከተ ረጋ በሉ። ፍራንክ ኸርሊ የአውስትራሊያ ጦር ፎቶ አንሺ 12 ኔጌቲቭ ገጣጥሞ በ1917 ኢፕር አካባቢ የነበረውን ውጊያ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ሰርቷል፣ በዚህ የተነሳ ከጦሩ ታሪክ ጸሐፊ ከቻርልስ ቢን ጋር ተጣልተዋል፣ አንዱ "አንድ ፎቶ ጦርነቱን አይዝም" ባይ፣ ሌላው "ይሄ ውሸት ነው" ባይ። ካልዴይ የሚባለው የሶቪየት ፎቶ አንሺ ሜይ 1945 በርሊን ራይኽስታግ፣ የጀርመን ፓርላማ ህንፃ፣ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል ያነሳው ላይ ጭስ ጨምሮበታል፣ ከአንዱ ወታደር እጅ ላይም ትርፍ ሰዓት ፍቋል። እኔ ከቢን ጋር ነኝ፣ ግን ኸርሊ የገጣጠመው ፎቶ ሐሰት ሆነ ማለት ኢፕር አልፈረሰችም ማለት አይደለም፣ ይሄን የሚያምታቱ ሰዎች አሉ። እና አፍራሹ ራሱ የሚያነሳበት ጊዜም አለ፣ ቼክ አገር ሊዲሴ የምትባለውን መንደር በ1942 ናዚዎች ሲያጠፏት ራሳቸው ፊልም ቀርፀዋል። አያችሁ የእግሩ ጉዳይ፣ እዛ የቆመው ከገዳዮቹ ጋር ነው።

አሁን ወደ ግቢያችን

ልምምዱ እንዲህ ነው። የጣሊያን ጊዜ ፖስትካርድ ወይ የቤተሰብ ፎቶ የፋሲል ግንብ ያለበት አንድ ፈልጉ፣ ሽማግሌ ጎረቤት ጠይቁ፣ የማይገኝ የለም። በወረቀት አትሙት፣ በስልክ ብቻ ከያዛችሁት ፀሐይ ላይ አይታይም። ግቢ ግቡና አንሺው የቆመበትን ቦታ በእግራችሁ አግኙት።

እንዴት? ፎቶው ላይ አንድ ቅርብ ነገርና አንድ ሩቅ ነገር ምረጡ፣ ለምሳሌ የግንቡን የጥግ ጉልላትና ከጣሪያው በላይ የሚወጣውን አራት ማዕዘን ማማ። በመሀላቸው ምን ያህል ሰማይ እንደሚታይ ልብ በሉ። ወደ ግራ ስትራመዱ ቅርቡ ከሩቁ አንፃር ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ወደ ግራ። ያቺ የሰማይ ክፍተት እኩል እስክትሆን ድረስ ወዲህ ወዲያ በሉ። ከዛ ወደፊትና ወደኋላ፣ ስትጠጉ ቅርቡ ከሩቁ ፈጥኖ ያድጋል፣ መጠናቸው እንደ ፎቶው ሲሆን ቁሙ። ዙም እዚህ ጋ አይረዳም፣ ዙም ሁለቱንም እኩል ነው የሚያሳድገው፣ ቦታውን የሚወስነው እግር ብቻ ነው፣ ሌንሱ ካልገጠመ ሰፋ አርጋችሁ አንሱና በኋላ ክሮፕ አርጉት። መጨረሻ ላይ ቁመት፣ ተንበርከኩ፣ ወይ ድንጋይ ላይ ውጡ። እኔ መጀመሪያ ስሞክር አንድ ሰዓት ሙሉ ወዲህ ወዲያ ስል ጠባቂው "ወንድሜ ምን ጠፋብህ?" ብሎኝ አብሮኝ ፈልጓል፣ እንደውም እሱ ነው ያገኘው።

ዛፍ ከጋረዳችሁ ቦታ አትቀይሩ፣ ዛፉን ጨምራችሁ አንሱት፣ ዛፉም ያለፈው ጊዜ ነው።

ቦታውን ካገኛችሁ በኋላ ያንኑ የፍርስራሽ ንባብ እዚሁ ሞክሩት። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ጣሪያው የለም፣ ግድግዳው ቆሟል። ከላይ ያልኩትን አስታውሳችሁ "አሃ፣ ቦምብ" ትላላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላን ጣሊያን መሽጎበት ሳለ ግቢውን ደብድቧል፣ ግን ከዛ በፊት በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥም አግኝቶታል። አንድ ግድግዳ ላይ ሁለት አፍራሽ ማለት ነው። ጣሊያን ደሞ በመሀል በሲሚንቶ የጠጋገናቸው ቦታዎች አሉ፣ የድሮው ኖራ ነው፣ ሲሚንቶው ግራጫና ደረቅ ነው፣ ጣታችሁን ሳትነኩ በአይን ይለያል። ስለዚ አንድ የድሮ ፎቶ ላይ ሲሚንቶውን ካያችሁ ከጣሊያን በፊት አልተነሳም። ቁስቋም ብትወጡ ደሞ የምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽ አለ፣ እሱ በ1888 ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ተጎድቷል። ሦስቱን በአንድ ቀን በእግር ማዳረስ ይቻላል፣ ውሃ ያዙ።

ስታነሱ ኬላ፣ ካምፕ፣ ወታደር ወደሚታይበት ካሜራ አታዙሩ፣ ያለ ፈቃድ ድሮን አይታሰብም። የሰው የፈረሰ ቤት ከሆነ ባለቤቱን ቡና ጠጥታችሁ፣ ተጫውታችሁ፣ ከዛ ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ እምቢ ነው።

ካፕሽኑ

ያንን ሁሉ ደክማችሁ "ድሬስደን 1937" ብላችሁ እንዳትለጥፉት ነው ፍርሃቴ። ፌብሩዋሪ 1945 በኛ 1937 ዓ.ም. ነው፣ ፎቶው የተነሳው ግን እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ስለሆነ 1938 ዓ.ም. ነው፣ እና "1937" ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢ በፈረንጅ ይወስደውና ጦርነቱ ሳይጀመር ድሬስደንን አፈረሳችኋት ማለት ነው፣ በፈረንጅ 1937 የተደበደበችው የስፔኗ ጌርኒካ ናት። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ 8። ጎንደር ላይ ጣሊያን እጁን የሰጠው ኖቬምበር 27 ቀን 1941 ነው፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ሁሌ 8 የሚቀንስ ሰው 1933 ብሎ ይጽፈዋል፣ ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ሰዓትም እንደዛው፣ መዝገቡ ማታ 10 ሰዓት ካለ የኛ 4 ሰዓት ነው።

እኔ አሁን የምጽፈው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ቦታ፣ ቀን ከነአቆጣጠሩ፣ አንሺ፣ ከየት ቆሞ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ እኔ የቀየርኩት ነገር። ለምሳሌ፦ "ድሬስደን፣ ጀርመን። ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 1945 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ። ሪቻርድ ፒተር። ከማዘጋጃ ቤቱ ማማ ላይ ወደ ደቡብ። (የመዝገብ ቁጥሩ እዚህ ይገባል።) ከተማዋ የተደበደበችው ቢያንስ ከሰባት ወር በፊት ነው። ለህትመት ጎኑ ተቆርጧል።" ይረዝማል፣ ይርዘም።

ያቺን የትራም ፎቶ ከግድግዳው አላወረድኳትም። የድሮውን ጽሁፍ ሰርዤ "ጀርመን አገር። ጎንደር አይደለችም። ሐዲዱን ፈልጉ" የሚል ለጠፍኩበት፣ ጉርድ ፎቷቸው እስኪታተም የሚጠብቁ ተማሪዎች እየተጋፉ ይፈልጉታል፣ ሽማግሌውም ባለፈው ለመታወቂያ እድሳት መጥተው ጽሁፉን በቀስታ አንብበው "ታፔላውንስ ጨምርበት እንጂ" አሉኝ።